ቶምና ጄሪን በዲስክ መሰብሰብ፦ ከሳጥኑ ጀርባ እስከ ቶም ጢም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ገብቼ «ሙሉ ቶምና ጄሪ ጫንልኝ» ብዬ ፍላሼን ሰጠሁ። ልጁ በአስር ደቂቃ ጨርሶ መለሰልኝ። ቤት ገብቼ ስቆጥር ከሦስት መቶ በላይ ፋይል። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ማታ ነው የቆየው። አንዱ ካርቱን በሦስት ስም ሦስት ጊዜ ገብቷል። ከፊሉ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ቶም ድንች መስሏል። አንዳንዱ ግራና ቀኙ ተገልብጦ የመግቢያው ጽሑፍ ወደ ኋላ ይነበባል። እኔ የምፈልጋቸው የድሮዎቹ ደግሞ ግማሾቹ የሉም።

ያን ሰሞን ነው በሕጋዊ ዲስክ የወጡትን በሥርዓት መሰብሰብ የጀመርኩት። መንገዱ ላይ ገንዘብም ትዕግሥትም ጨርሻለሁ። እናንተ እንዳትጨርሱ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ቶምና ጄሪ ነው፤ ቋንቋ አይፈልግም፣ አያትም የልጅ ልጅም እኩል ይስቁበታል። ዘዴው ግን ለሌሎቹ የድሮ ካርቱኖችም ይሠራል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን ያዙ

ሳጥኑ ላይ «ሙሉ»፣ «ምርጥ»፣ «ክላሲክ» የሚል ቃል ታያላችሁ። እነዚህን ቃላት እርሷቸው። የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ነው።

ቶምና ጄሪ መጀመሪያ የተሠሩት ለቴሌቪዥን አይደለም። ለሲኒማ ቤት ነው። ከዋናው ፊልም በፊት የሚታዩ የሰባት ደቂቃ ያህል ካርቱኖች ነበሩ፤ ተመልካቹም ልጅ ብቻ አልነበረም። ለዚህ ነው ሙዚቃው በትልቅ ኦርኬስትራ የተቀዳው፣ ሥዕሉም እንደዚያ የተለፋበት። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ በኤምጂኤም ስቱዲዮ ከ1940 እስከ 1958 የሠሯቸው 114 ናቸው። ሰባት ኦስካር ያገኙት ከእነዚህ ውስጥ ነው። በኋላ ጂን ዳይች በ1961 እና 1962 ፕራግ ላይ ሆኖ 13 ሠራ። ከዚያ ቸክ ጆንስ እስከ 1967 ድረስ 34 ጨመረ። ድምሩ 161።

ከዚያ ወዲህ የመጡት የቴሌቪዥን ተከታታዮችና ረጃጅም ፊልሞች ሌላ ነገር ናቸው። የፍላሼ ሦስት መቶ ፋይል ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት አውጡ። ከ1 እስከ 114 ቁጥር ጻፉ። ከየቁጥሩ አጠገብ የካርቱኑን ስምና ሲኒማ ቤት የገባበትን ዓመት አስፍሩ። ዝርዝሩ በቀላሉ ይገኛል። ቁጥር 1 «ፐስ ጌትስ ዘ ቡት» ነው፣ 1940። እሱን ስታዩ አትደናገጡ፤ ድመቱ ቶም አይባልም፣ ጃስፐር ነው። አይጧም ጭራሽ ስም አልወጣላትም። የሃና እና የባርቤራ ስምም መግቢያው ላይ የለም፤ የተጻፈው የአለቃቸው የሩዶልፍ አይዚንግ ስም ነው። አለቃ መሆን መቼም ጥሩ ነገር ነው።

ይህ ወረቀት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ሻጭ «ሙሉ ነው» ሲላችሁ «ስንት ነው?» በሉ። ዲስኩ ላይ ያሉትን በስም አስቆጥሩት። ስም ዝርዝር የሌለው ዲስክ ካጋጠማችሁ መልሱለት።

ሁለት፦ የትኛው እትም ምን እንደሚጎድለው እወቁ

ቶምና ጄሪን ዛሬ የያዘው ዋርነር ነው። ዋርነር በዲቪዲ ያወጣው ዋነኛ ስብስብ «ስፖትላይት ኮሌክሽን» ይባላል። ሦስት ሳጥን ነው፦ 2004፣ 2005 እና 2007። ሦስቱንም ብትገዙ 114 ይሞላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይሞላም። ሁለት ካርቱኖች ሆን ተብሎ ቀርተዋል፤ «ማውስ ክሊኒንግ» እና «ካሳኖቫ ካት»። ለምን እንደቀሩ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ደግሞም ቅደም ተከተል የላቸውም። የ1940ዎቹ ከ1950ዎቹ ጋር ተደባልቀው ነው የተጫኑት። ወረቀታችሁ እዚህ ላይ ነው የሚያዋጣችሁ።

በ2011 «ጎልደን ኮሌክሽን» የሚባል ብሉሬይ መጣ። ይሄኛው ደስ ይላል። ከቁጥር 1 ጀምሮ በተርታ 37 ካርቱን ይዟል፣ ምስሉም ከዲቪዲው በብዙ ይሻላል። ሁለተኛው ቅጽ በ2013 ሊወጣ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ዝርዝሩ ሲታወቅ እነዚያ ሁለቱ እንደገና የሉም። ሰብሳቢው ተቆጣ፣ ጩኸቱ በረከተ። ውጤቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሁለቱን መጨመር ሳይሆን ቅጹን ጨርሶ መሰረዝ! የሚያስቀው ነገር ደግሞ «ማውስ ክሊኒንግ» ቁጥሩ 38 ነው። ማለትም የመጀመሪያው ቅጽ የቆመው ልክ እሱ ደጃፍ ላይ ነው።

እንግዲህ አዲስም አሮጌም ሳጥን ባያችሁ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ እነዚያ ሁለቱ አሉ ወይ? ካሉ አዘጋጁ ሌላውንም ነገር የመቁረጥ ፍላጎት የለውም ማለት ይቻላል። ከሌሉ ሌላውንም በጥርጣሬ እዩ።

የሌሎቹን ካርቱኖች በአጭሩ ልንካ። የባግስ በኒና የዳፊ ዳክ ወዳጅ ከሆናችሁ «ሉኒ ቱንስ ጎልደን ኮሌክሽን» ከ2003 እስከ 2008 በስድስት ሳጥን ወጥቷል፤ እያንዳንዱ አራት ዲስክ ነው። በእኔ ዓይን ለድሮ ካርቱን ከተሠሩ ዲቪዲዎች ሁሉ ይህ የላቀ ነው፤ የባለሙያ ማብራሪያውና የታሪክ ቅንብሩ ብቻውን ያስገዛል። የዲዝኒዎቹ «ዎልት ዲዝኒ ትሬዠርስ» ከ2001 እስከ 2009 በቆርቆሮ ሳጥን፣ በተወሰነ ቁጥር ታትመው አልቀዋል። አሁን ዋጋቸው አይቀመስም። የጥቁርና ነጩ ፖፓይ በ2007 እና 2008 በሦስት ቅጽ ወጥቷል። እሱን ያላየ ሰው ፖፓይን አየሁ አይበል።

ሦስት፦ ዲስኩ ቤታችሁ ይከፈታል?

የመጀመሪያ ሳጥኔን ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ናት ገዝታ የላከችልኝ። ሁለት ወር ጠብቄ ሻንጣ ሲከፈት ልቤ ሊቆም ነበር። ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩ። «የተሳሳተ ሪጅን» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ለአክስቴ ልጅ «በጣም አሪፍ ነው» ብዬ ደወልኩላት፣ ምን ልበላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲቪዲ ዓለም በሪጅን፣ ማለትም በክልል ቁጥር፣ ተከፋፍሏል፤ የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ክልል ማጫወቻ አይከፈትም። አሜሪካ 1 ናት። አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2 ናቸው። ኢትዮጵያ 5 ውስጥ ናት። ካርቱኖቹ ደህና ሆነው የወጡት አሜሪካ ስለሆነ አብዛኛው የምትፈልጉት ዲስክ ሪጅን 1 ነው። ብሉሬይ ላይ ክፍፍሉ በፊደል ነው፤ አሜሪካ ኤ፣ አፍሪካ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ቢ። ነገር ግን ብዙ የዋርነር ብሉሬይ ዲስኮች ሪጅን አይቆጥሩም። ዲቪዲ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ መግዛት አንዱ ነው። ስትገዙ የራሳችሁን ሪጅን 1 ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱ፤ «ሁሉን ያነባል» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ሪጅኑን እንድትቀይሩ የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። በአምስተኛው ላይ የቆመበት ሪጅን ለዘለዓለም ይቀራል። ስለዚህ «ቀይር?» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። ርካሽ የዩኤስቢ ማንበቢያ ገዝታችሁ ለሪጅን 1 ብቻ መመደብ ይሻላል። እኔ በመጨረሻ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ሦስተኛው ውጭ ያለ ዘመድ ሲመጣ እዚያው ያገለገለ ማጫወቻ ማስመጣት ነው፤ የኤሌክትሪኩን ቮልቴጅ ብቻ አትርሱ። የአሜሪካ 110 እዚህ 220 ላይ ከተሰካ ካርቱን ሳይሆን ጭስ ታያላችሁ።

ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባል ሌላ ጣጣም አለ፤ የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓቶች ናቸው፣ ፓል የአውሮፓ፣ ኤንቲኤስሲ የአሜሪካ። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ካላችሁ ሁለቱንም ይቀበላል። የድሮው ጀርባው ወፍራም ቴሌቪዥን ከሆነ የአሜሪካው ዲስክ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንሸራተተ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ፍጥነቱ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ፓል 25 ይፈልጋል። የአውሮፓ ዲቪዲ አዘጋጆች ፊልሙን በትንሹ አፍጥነው ይጭኑታል። የሰባት ደቂቃ ካርቱን በ6 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ያልቃል። አስራ ሰባት ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ድምፁም አብሮ ይቀጥናል። የካርቱኖቹ ሙዚቃ ደራሲ ስኮት ብራድሊ እያንዳንዱን የቶም እርምጃ ከኖታ ጋር አገናኝቶ ነው የጻፈው፤ የሱን ሙዚቃ የሚወድ ጆሮ ወዲያው ይነቃል። እኔ አውሮፓ ያለ ዘመድ ቢኖረኝም የአሜሪካውን እመርጣለሁ።

አራት፦ ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ከጭረቱ ይልቅ ዕድሜውን ፍሩ

ጭረት ይታያል። የማይታየው ነው የሚያቃጥል። ዲስክ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን በጊዜ ብዛት የሚበላበት ጊዜ አለ። ዲስኩ ላዩ እንደ መስታወት ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ሞቷል። በ2025 ዋርነር ራሱ ከ2006 እስከ 2008 ከታተሙ ዲቪዲዎቹ የተወሰኑት ያለጊዜያቸው እየተበላሹ መሆኑን አምኖ እንደሚተካ ተናግሯል። እስቲ ዓመቶቹን ከላይ ካሉት ጋር አስተያዩ። ሦስተኛው «ስፖትላይት» 2007 ነው። ፖፓይ 2007 እና 2008። የ«ሉኒ ቱንስ» የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳጥኖችም እዚያው ውስጥ ናቸው። የካርቱን ሰብሳቢው ቤት ውስጥ ነው ነገሩ የገባው።

እንዴት ታውቃላችሁ? ዲስኩን ወደ መብራት አንሱት። እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች፣ ወደ ነሐስ ያደላ ቀለም፣ ከጠርዙ የሚጀምር ደመና ካለ ተዉት። ምንም ካልታየም አትመኑ። መፈተኛው ማጫወት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካርቱኖች አይቶ «ይሠራል» ማለት ግን አያዋጣም። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውጨኛው ጠርዝ ይጀምራል። ዲቪዲ ደግሞ ከመሃል ወደ ውጭ ነው የሚነበበው፤ ባለ ሁለት ንብርብር ከሆነ ጠርዙ ላይ ደርሶ ወደ መሃል ይመለሳል። ስለዚህ አደገኛው ቦታ የዲስኩ የጊዜ አጋማሽ ነው። መሃል ላይ ያሉትን ካርቱኖች ክፈቱ። ከተንተባተበ ወይም ከቆመ፣ ያው ነው።

ቤት ስታስቀምጡ አቁማችሁ ደርድሩ፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁ። ስትጠርጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጉ። ዙሪያውን አታሽከርክሩ፤ መረጃው የተጻፈው በክብ ስለሆነ አንድ የክብ ጭረት ከአስር የቀጥታ ጭረት ይከፋል።

አምስት፦ የዓይን ፈተና

ዲስኩ ተከፈተ። አሁን ጥሩ ሥራ መሆኑን እንዴት ትለያላችሁ? ይህን ክፍል ዘርዘር ላድርገው፤ ሻጭም ማስታወቂያም የማይነግሯችሁ እዚህ ጋ ያለው ነው።

መጀመሪያ አንበሳውን እዩ። እያንዳንዱ ካርቱን ሲጀምር የኤምጂኤም አንበሳ በክብ ቀለበት ውስጥ ይመጣል። ምስሉን አቁሙት። ቀለበቱ ክብ ነው ወይስ እንቁላል? እንቁላል ከሆነ ምስሉ ተለጥጧል። መጀመሪያ የቴሌቪዥናችሁን ቅንብር አስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቲቪው ነው። ካልተስተካከለ ዲስኩ ነው። ቀለበቱ ክብ ሆኖ ከላይና ከታች ከተቆረጠ ደግሞ ሰፊውን ስክሪን ለመሙላት ሲሉ ምስሉን ገምድለውታል ማለት ነው። የ1940ዎቹ ካርቱኖች ወደ ካሬ የቀረቡ ናቸው፤ ወርዱ ለቁመቱ 1.37 ለ 1። ዘመናዊ ቲቪ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር መኖር አለበት። ያ ጥቁር ጉድለት አይደለም፣ የጤና ምልክት ነው። ከ1954 ጀምሮ ደግሞ ሲኒማስኮፕ በሚባል በጣም ሰፊ ምስል የተሠሩ አሉ። ወደ መጨረሻው ሁሉም እንደዚያ ሆኑ። በነዚህ ላይ ጥቁሩ ከላይና ከታች ይሆናል። እነሱን ስክሪኑን ሞልተው ካያችኋቸው የሚሮጠው ቶም አለ፣ የሚያሯሩጠው ግን ከምስሉ ውጭ ቀርቷል።

ቀጥሎ የቶምን ጢም ፈልጉ። ቶም በፍጥነት ሲሮጥ ወይም ፊቱ በድንጋጤ ሲለጠጥ አቁሙት። ጢሙ ሙሉ ነው? የሰውነቱ ጥቁር መስመር ያልተቆረጠ ነው? ከተቆራረጠ ወይም ከጠፋ፣ ማጽጃው ሶፍትዌር በልቶታል። ሥራው የፊልሙን አቧራና ጭረት ማጥፋት ነበር። ማሽን ግን አቧራንና ቀጭን የቀለም መስመርን አይለይም። አንድ ምስል ላይ ብቅ ብሎ ቀጣዩ ላይ የጠፋውን ሁሉ ቆሻሻ ይለዋል። ካርቱን ላይ ደግሞ በአንድ ምስል ብቅ የሚለው የሠዓሊው እጅ ነው! ይህ ዲቪኤንአር የሚባል በሽታ በ1990ዎቹ የሌዘር ዲስክ እትሞችም ላይ ብዙ ካርቱን አበላሽቷል። ዛሬም አልጠፋም። በ2023 በብሉሬይ የወጣው የማክስ ፍላይሸር ሱፐርማን ከልክ በላይ ታጥቧል ተብሎ በሰፊው ተተችቷል። ፊልም ደቃቅ ቅንጣት አለው። ጭራሽ ቅንጣት የሌለው፣ እንደ ፕላስቲክ የሚያበራ ምስል ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ሦስተኛው የማበጠሪያ ጥርስ ነው። ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ አቁሙ። የምስሉ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ በአግድም መስመር ከተሰነጣጠቀ ዲስኩ የተሠራው ለድሮ ቲቪ ከተዘጋጀ ቪዲዮ ነው። በሩቅ አያስታውቅም። ትልቅ ስክሪን ላይ ግን ዓይን ያደክማል። ዲቪዲ ላይ ብዙ ጊዜ ታገሱት፤ ብሉሬይ ላይ ግን አትታገሱ።

አራተኛው ቀለም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ማወቅ ፍርዱን ያቀልላል። በዚያ ዘመኑ የቀለም ፊልም ዘዴ በቴክኒከለር ካርቱን ሲቀረጽ እያንዳንዱ ሥዕል በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ በተርታ በጥቁርና ነጭ ፊልም ይነሣል። ቀለሙ የሚመጣው ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው። ሦስቱ በትክክል ካልተገጣጠሙ ጠርዙ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። ጥሩ እድሳት መጀመሪያ ወደተቀረጸበት ፊልም፣ ወደ ኔጋቲቩ ተመልሶ በኮምፒውተር ያገጣጥማቸዋል። ችግሩ የቶምና ጄሪ ኔጋቲቮች ብዙዎቹ የሉም። በግንቦት 1978 ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ጆርጅ ኢስትማን ሃውስ ቤተ መዛግብት እሳት ተነሥቶ የ329 ፊልሞች ኔጋቲቭ አመድ ሆነ። ከ1951 በፊት የነበሩት የኤምጂኤም ካርቱኖች በብዛት እዚያ ነበሩ። የዚያን ዘመን ፊልም ናይትሬት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃም አያጠፋው። ስለዚህ ቁጥር 20ን ከቁጥር 90 ጋር አስተያይታችሁ «ለምን ይሄ ደብዘዝ አለ?» ብትሉ መልሱ የአዘጋጁ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ከተረፈ ቅጂ ነው የሠሩት። እኔ ለነዚህ ምሕረት አደርጋለሁ። ለጢም ቆራጮች ነው የማላደርገው።

ስድስት፦ ምን ተቆርጧል? ማን ነው የሚናገረው?

ያቺ ፊቷ የማይታይ፣ እግሯና መጥረጊያዋ ብቻ የሚታየው ጥቁር ሴት ትዝ ትላችኋለች? «ቶማስ!» ብላ የምትጮኸው። የመጀመሪያዋ ድምፅ ተዋናይቷ ሊሊያን ራንዶልፍ ናት። በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን ሲባል አንዳንዶቹ ካርቱኖች ላይ እሷን አውጥተው በቀጭን ነጭ ሴት ተኩ፤ ድምፁንም ጁን ፎሬይ ቀዳችው። በኋላ ደግሞ ምስሏ ተመልሶ ድምፁ በሌላ ተዋናይት ተቀየረ። ስለዚህ አንድ ካርቱን ሦስት ዓይነት ሆኖ ሊገጥማችሁ ይችላል። የ2004ቱ «ስፖትላይት» የመጀመሪያ ኅትመት ላይ እንኳ የተቀየሩት በስህተት ገብተው ነበር፤ ኋላ በተስተካከለ ተተካ። ያገለገለ ከገዛችሁ የቱ እንደደረሳችሁ በጆሮ ነው የምትለዩት። ንግግሩ ከዙሪያው ድምፅ ተለይቶ ጥርት ካለ፣ ሙዚቃው አርጅቶ ድምፁ ብቻ አዲስ ከመሰለ፣ በኋላ የተቀዳ ነው።

መቆረጡን ደግሞ በሙዚቃው ያዙት። ሙዚቃው ከምስሉ ጋር ተገናኝቶ ስለተጻፈ ትዕይንት ሲወጣ ዜማው ይዘላል። ቶም ቦምብ ይዞ ነበር፣ ዜማው ተናጠበ፣ ቶም ሌላ ክፍል ነው። አዎ፣ መቀስ አልፏል። አንዳንዴ ሳይቆርጡ ምስሉን ያቀርቡታል። በሦስተኛው «ስፖትላይት» ላይ «ሂዝ ማውስ ፍራይዴይ» መጨረሻው አካባቢ ምስሉ ያለ ምክንያት ሲጠጋ ካያችሁ ማጫወቻችሁ አልተበላሸም። የሚያሳፍር ሥዕል ከጥግ አስወጥተው ነው።

የሚያሳፍር ያልኩት ምኑ ነው? ቦምብ ፈንድቶ ፊት ሲጠቁር የሚመጣው ቀልድ ነው፤ ጥቁር ሰው ላይ የሚሾፍ። «ማውስ ክሊኒንግ» የሚያልቀው ቶም በከሰል ጠቁሮ የጥቁር አሜሪካዊ አነጋገር ሲያስመስል ነው። «ካሳኖቫ ካት» ላይ ጄሪ በሲጋር ጭስ ፊቱ ጠቁሮ ይጨፍራል። ሁለቱ የታገዱት ለዚህ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ እኛ ቤት ዴክ የገባ ሰሞን በካሴት እንዲህ ያሉትን አይቼ ስቄያለሁ፤ በማን እየተሳቀ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳየው አልስቅም። ቢሆንም እንዲቆረጥ አልፈልግም። ተሠርቷል፣ ሰው ስቆበታል፣ ይታይ። «ሉኒ ቱንስ» ሦስተኛው ሳጥን ላይ ጥቁር አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሁፒ ጎልድበርግ መግቢያ ላይ ቀርባ ያን ጊዜም ስህተት ነበር፣ ዛሬም ስህተት ነው፣ መደበቁ ግን አልነበረም እንደማለት ነው የሚል ሐሳብ ታስረዳለች። በዚህ እስማማለሁ። ለልጆች ስታሳዩ ግን አብራችሁ ተቀመጡ። የእህቴ ልጅ «ለምንድነው ፊቱ እንደዚያ የሆነው?» ሲል የሚመልስለት ሰው ያስፈልጋል።

ሰባት፦ በነጻና በሕጋዊ መንገድ የምታገኟቸው

ቶምና ጄሪ በአሜሪካ ሕግ ገና በቅጂ መብት ውስጥ ናቸው። የ1940ው የሚለቀቀው በ2036 መግቢያ ነው። ሌሎች ግን አሉ። የሚኪ ማውስ «ስቲምቦት ዊሊ» የ1928 ሥራ ስለሆነ ጥር 1 ቀን 2024 የሕዝብ ሆኗል። በፍላይሸር ስቱዲዮ ተጀምረው በፌመስ ስቱዲዮ ያለቁት 17ቱ የሱፐርማን ካርቱኖች መብታቸው ስላልታደሰ የሕዝብ ከሆኑ ቆይተዋል። እነዚህን ማውረድም ማባዛትም ይቻላል።

ችግሩ ማንም ስለሚያባዛቸው ብዙዎቹ ቅጂዎች የቅጂ ቅጂ ናቸው። በርካሽ ዲስክ የሚሸጡትን አትግዙ። ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በቀጥታ የተቀዳ የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ የጢሙን ፈተና አድርጉበት። ሱፐርማን ጢም የለውም እንጂ፣ ኬፑ ላይ ያሉትን መስመሮች እዩ።

ስምንት፦ አሰያየም

ይህ አጭር ነው፣ ግን እኔን ብዙ አድኖኛል። የምታስቀምጡትን ሁሉ በቁጥር ሰይሙ፤ መጀመሪያ የወረቀቱ ቁጥር፣ ቀጥሎ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ስሙ፣ መጨረሻ ላይ ከየትኛው ሳጥን እንደመጣ። 001 ብላችሁ በሦስት አሃዝ ጀምሩ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ 10ን ከ2 በፊት ያስቀምጥባችኋል። የዲስኮቹንም ሳጥን ውስጥ ትንሽ ወረቀት አድርጉ፦ መቼ እንደተገዛ፣ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ዳር ተጫውቶ እንደታየ። በተለይ ከ2006 እስከ 2008 ያሉትን በዓመት አንድ ጊዜ አጫውቱ። ልጆች ካሉ ይህ ቅጣት አይደለም።

የእኔ ማህደር አሁን 037 ላይ ይደርስና ወደ 039 ይዘላል። ባዶው ቦታ ላይ «ማውስ ክሊኒንግ» ብዬ ስሙን ብቻ ጽፌ አስቀምጫለሁ። የአክስቴ ልጅ ለገና እመጣለሁ ብላለች። በዚህ ዙር ሪጅኑን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ።